ከጓዳችን፦ ከዕቃ ግርጌ የሚወጣ ማጥቀሻ

 

ባለፈው ዕትማችን ስለ ከሰል ቁጠባ ከጻፍን ወዲህ ከናኪቫሌም ከዚሁ ከካምፓላም የደረሱን ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ያርፋሉ። ልጆች ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ይመጣሉ። እራት ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ያውም ከተገኘ። በመሐሉ ያሉትን አራት ሰዓታት በምን እናሳልፋቸው ነው ጥያቄው። መምህራን ነንና ይህቺን ሰዓት በደንብ እናውቃታለን። ማታ ማታ ለማስጠናት የምንሰበስባቸው ልጆች የማባዛት ሠንጠረዥ አልገባ የሚላቸው ሰንፈው አይደለም። ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ ነው፣ ሐሳባቸው ሲጊሪው ላይ። ምድጃው ገና አልተቀጣጠለማ!

ጊዜው ደግሞ ጠበቅ ብሏል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የዓለም ምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት ምክንያት በኡጋንዳ ለ1 ሚሊዮን ስደተኞች የሚሰጠው የምግብ እርዳታ መቋረጡን ማስታወቁን ታስታውሳላችሁ። በሰፈራ ጣቢያ ያላችሁ ነገሩ በስንት ቤት እንደገባ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። እኛ የከተማዎቹ ድሮም ቢሆን ራሽን አናውቅም፤ እርዳታው ያለው ጣቢያው ነው፣ ካምፓላ የገባ ራሱን ይቻል ነው የሚባለው። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ለሁለቱም ወገን ይሆናል።

ጓዳ ስንል መቼም እንደ አገር ቤቱ ጓዳ አታስቡት። ኪሱጉን ለማታውቁት፣ በካባላጋላ፣ በሙየንጋና በናሙዎንጎ መካከል ያለ ሰፈር ነው፤ አብዛኞቻችን የምንኖረው ሙዚጎ በሚባለው አንድ ክፍል ቤት ነው። ጓዳችን ከአልጋ ሥር ያለው ካርቶን ነው። ያ ካርቶን ቢፈተሽ ግን ባዶ አይደለም። በቆርቆሮው ግርጌ ሁለት ሦስት ማንኪያ ሽሮ አለ። በካቬራ የታሰረ የበርበሬ ጥራጊ አለ። ግማሽ ሽንኩርት፣ የተጨመቀ ግን ገና ጠብታ ያልጨረሰ ሎሚ፣ የትናንት ቦሎቄ፣ ከገበያ የተረፈ ጂናት፣ የደረቀ ቻፓቲ። እነዚህን እያየን «ምንም የለም» እንላለን። ለወጥ ከሆነ እውነትም ምንም የለም። ወጥ ሽንኩርቱን በብዛት ይፈልጋል፣ ቁሌቱን ደግሞ በረጅም እሳት፤ ዘይቱ ሲቀንስ ያስታውቃል፣ ከሰሉ ያልቃል። ማጥቀሻ ግን በጥሬ ሽንኩርትና በቀዝቃዛ የሚሠራ ስለሆነ በትንሽ ነገር ይሞላል። እናቶቻችን በጾም ወራት ይህን አሳምረው ያውቁት ነበር፤ እኛ ነን በስደት የረሳነው።

ከሁሉ አስቀድመን ቡቲቻን እናንሳ። አንድ ሲኒ ሽሮ በሁለት ሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ በቀዝቃዛ የምንለው በፈላ ውሃ ላይ ከተነሰነሰ ስለሚጓጉል ነው። ጠብታ ዘይትና ጨው ጨምሮ በቀስታ እሳት እያማሰሉ ማብሰል ነው። ከድስቱ ጎን መላቀቅ ሲጀምር፣ አሥር ደቂቃ ገደማ መሆኑ ነው፣ ይወጣና በሰሐን ተዘርግቶ ይቀዘቅዛል። ከዚያ በሹካ ፍርፍር ማድረግ። በላዩ የተከተፈ ጥሬ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ካለ አንድ ማንኪያ ዘይት። ልክ የእንቁላል ፍርፍር ይመስላል፤ የግቢያችን የኡጋንዳ ልጆች እንቁላል ነው ብለው ነው የሚበሉት፣ እኛም አላረምናቸውም። ሚጥን ሽሮ ቢሆንም ይሠራል፤ ቀለሙ ቀላ ይላል እንጂ ጣዕሙ ይብሳል። ነጭ ሽሮ ከሆነ ነጭ ሽንኩርት ጣል ማድረግ አይከፋም።

አንድ ሲኒ ሽሮ በዚህ ዓይነት አራት ልጆችን ያስጠቅሳል። ያው ሽሮ ወጥ ቢሆን ኖሮ ቀጥኖ አንድ ጊዜ ነበር የሚያልፈው።

ቡቲቻንም ሆነ አዚፋን ሙሉ የሚያደርገው ሰናፍጭ ነው። ካምፓላ ውስጥ ሰናፍጭ የለም የምትሉ ከሕንድ ሱቆች «ራይ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ፍሬው ይሸጣል፣ ትንሽ ካቬራ ወራት ይቆያል። አሠራሩ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታልና መምህር የመሆናችንን አመል ታገሡንና እናስረዳ። የሰናፍጭ ፍሬ እንደ ቃሪያ ከመጀመሪያው የሚያቃጥል ነገር አይደለም። ደረቅ ፍሬውን ብታኝኩት መጀመሪያ ምንም አይልም። ፍሬው ሲደቅና ውሃ ሲያገኝ ነው ተለያይተው ይኖሩ የነበሩ ሁለት ነገሮች የሚገናኙት፤ አንዱ ሌላውን ይለውጠዋል፣ ያ አፍንጫ የሚወጋው ኃይል ያን ጊዜ ይወለዳል። ለውጡን የሚያካሂደው ነገር ሙቀት አይወድም፣ በፈላ ውሃ ይሞታል። ኮምጣጣም ያዳክመዋል። እንግዲህ በፈላ ውሃ ለውሳችሁ «ይሄ ሰናፍጭ አይቆጠቁጥም፣ ሕንዶቹ አታለሉን» የምትሉ፣ ሕንዶቹን ተዉአቸው። በሙቀጫ ውቀጡት፤ ሙቀጫ ከሌለ በጠርሙስ ዳምጡት። በቀዝቃዛ ውሃ ለውሳችሁ አሥር ደቂቃ ክደኑት። ሎሚውን ከዚያ በኋላ ጨምሩ። ለትንንሽ ልጆች በጣም ጥቂት ይበቃል፤ እንባቸው እስኪወርድ ማድረግ ቀልድ አይደለም።

አዚፋ በአገር ቤት የድፍን ምስር ነው። ምስር እዚህ የለም አይባልም፣ ዋጋው ግን ከቦሎቄ አይገናኝም። ስለዚህ የኪሱጉ አዚፋ የቦሎቄ ነው። ከትናንት የተረፈውን ቦሎቄ ከመረቁ አውጥቶ በማንኪያ ጀርባ መጨፍለቅ ነው፤ ግማሹ ቢደቅ ግማሹ ቢቀር ይሻላል። ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ሰናፍጭ። ቲማቲም ጠንከር ያለ ከተገኘ ዘሩን አውጥታችሁ ክተፉበት፤ ዘሩ ከገባ ይቀጥናል። መረቁንም አትድፉት፣ ለእራቱ ይሆናል።

ስለ ቦሎቄ ግን አንድ ጥብቅ ነገር አለን። ከሰል ለመቆጠብ ሲባል ቦሎቄን በደካማ ፍም ላይ ሲንተከተክ አሳድሮ ገና ኮረር እያለ ማውረድ አለ። በተለይ ቀዩ ቦሎቄ ጥሬውን መርዝ አለበት፤ በደንብ ካልፈላ ያስመልሳል፣ ሆድ ያጣድፋል። ለብ ባለ እሳት መዋሉ መርዙን አያጠፋውም። የሚሻለው ማታ መዘፍዘፍ፣ ጠዋት የዘፈዘፉበትን ውሃ መድፋት፣ በአዲስ ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል አጥብቆ ማንተክተክ፣ ከዚያ ወዲያ ነው እሳቱን መቀነስ። መዘፍዘፉ ራሱ ከሰል ይቆጥባል። በነገራችን ላይ እዚህ ቦሎቄ ከአዲስ አበባ ፈጥኖ እንደሚበስል ልብ ያላችሁ ትኖሩ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ካምፓላ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ናትና በ96 አካባቢ ነው። አራት ዲግሪ ለድስት ብዙ ነው። ስደት ከሰጠን ጥቂት ነገሮች አንዱ ይሄው ነው እንግዲህ።

በሱዳን በኩል ያለፋችሁ ደግሞ ፉልን አታጡትም። ባቄላው በጠርሙስ ቂጥ እየተደለዘ፣ ዘይቱና ከሙኑ እየተጨመረበት፣ በዳቦ። አዲስ አበባም የቁርስ ቤት ወግ ነው። በቦሎቄ ሲሠራ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ አጥብቆ መደለዝ ያስፈልጋል እንጂ ምኑም አይጎድለውም። ሱዳኖች ጣሂና የሚሉትን የሰሊጥ ድልህ ያውቃሉ። እዚህ ሰሊጥ ሲምሲም ይባላል፣ ከሰሜን ኡጋንዳ ይመጣል፣ ተፈጭቶም በገበያ ይሸጣል። አንድ ማንኪያ ሲምሲም በሎሚና በጥቂት ውሃ ተበጥብጦ የተደለዘው ቦሎቄ ላይ ሲገባ ዓረቦች ሁመስ ከሚሉት የሽምብራ ማጥቀሻ ጋር የአጎት ልጅ ነው። የሁመራን ሰሊጥ የምታውቁ የሁመራና የመተማ ልጆች ሽታው ብቻ የት እንደሚወስዳችሁ እንገምታለን።

ወደ ጂናት እንለፍ። እኛ ኦቾሎኒ የምንለው ነው፤ የባቢሌን ኦቾሎኒ በጋዜጣ ጥቅልል እየገዛን በባቡርና በአውቶቡስ የቆረጠምን ሁሉ አዲስ ነገር አይሆንብንም። ኡጋንዳዎች ግን ፈጭተው ወጥ ያደርጉታል። ለማጥቀሻ ሁለት ማንኪያ የተፈጨ ጂናት በትንሽ ለብ ያለ ውሃ ማላላት፣ የበርበሬ ጥራጊውን መነስነስ፣ ጨው፣ የተከተፈ ሽንኩርት። እሳት ላይ ሁለት ደቂቃ ቢቆይ ይወፍራል። ለተቀቀለ ካሳቫና ለስኳር ድንች ከዚህ የተሻለ የለም፣ ለልጅም ኃይል ይሰጣል።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። ጂናትና በቆሎ ሲረጥቡ ሻጋታ ይይዛቸዋል፤ አንዱ ዓይነት ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል። ይህ መርዝ ጉበት ነው የሚያጠቃው። ብዙ ከተበላ በቀናት ይገድላል፤ በጥቂት በጥቂቱ ለዓመታት ከተበላ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ መቁላትም መቀቀልም አያጠፋውም። በ2004 እ.ኤ.አ. በጎረቤታችን በኬንያ፣ በማኩዌኒና በኪቱይ አካባቢ፣ እርጥበት የገባው በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125 ሞተዋል። የራሳቸውን እርሻ በቆሎ የበሉ ቤተሰቦች ነበሩ በአብዛኛው።

ስለዚህ «ይቅመሱት ግዴለም፣ በእሳት ይጠፋል» የሚባለውን አንቀበልም። የተፈጨ ጂናት ርካሽ ሲሆን ለምን እንደረከሰ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ያረጀውና የተጨማደደው ፍሬ ከተፈጨ በኋላ አይታወቅም። የሚሻለው ፍሬውን በቱምፔኮ ገዝቶ በቤት መልቀም ነው። የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ አቧራ ያለውን፣ ሲታኘክ የሚመርረውን አውጥቶ መጣል። ልቀማውን ለልጆች ስጡ፤ ልቅም አድርገው ነው የሚለቅሙት፣ እየበሉም ቢሆን። ከአልጋ ሥር ያለው ካርቶን ደግሞ ሲሚንቶው ላይ እንዳይቀመጥ ሁለት ጡብ አግቡለት። ከወለሉ እርጥበት ይስባል። በጣቢያ ያላችሁም በቆሎውን ከመሬት አንሡት። ምግብ መጣል ሲቸግረን ነውር ይመስለናል፤ ይህኛውን ግን ለዶሮም አትስጡት።

አቮካዶ ብዙ ማውራት አያስፈልገውም፣ በየግቢው ዛፉ አለ፣ በወቅቱ መንገድ ላይ ይረግፋል። ጨፍልቆ ሎሚ፣ ጨው፣ ቃሪያ። ሜክሲኮዎች ከጥንት ጀምሮ የሚበሉት ነው። ፍሬውን መሐሉ ላይ ማስቀመጥ እንዳይጠቁር ይረዳል የሚባለው ከሥሩ ያለችውን ብቻ ነው የሚያድን፤ ሎሚና አየር የማያስገባ ክዳን ነው ዋናው። አገር ቤት ጁስ ብቻ የሚመስለን ነበርን፣ እዚህ ከቦሎቄ ጋር ደባልቀው ሲበሉት አይተን ተማርን።

የበርበሬ ጥራጊ ብቻ ላለው አዋዜ አለለት። ከአገር ቤት በሰው እጅ የመጣች በርበሬ ከጠራቢዎቹም በላይ ትከበራለችና ካቬራውን ገልብጣችሁ አራግፉ። ጥቂት ውሃ፣ ጨው፣ ዘይት። ነጭ ሽንኩርት ከተጨመረበት ግን የዕለቱን ብቻ ሥሩ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተነክሮ ያለ ማቀዝቀዣ ለቀናት ሲቀመጥ ሽታና መልክ ሳይለውጥ ከባድ መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ ነርቭ የሚያሽመደምድ ነው። ዘይት አየር ስለሚዘጋበት ነው ነገሩ። «ዘይት ያቆየዋል» የሚለው ለዚህ አይሠራም።

ስልጆን የጠየቃችሁን አልረሳናችሁም። ስልጆ በደቂቃ የሚደርስ አይደለም፤ የባቄላ ዱቄቱ በሱፍ ውሃ ይበስላል፣ ሰናፍጩና ነጭ ሽንኩርቱ ገብቶ ለቀናት ይብላላል፣ ጤና አዳሙም አለ። ሱፍ በሐበሻ ሱቆች ሲገኝ ዋጋው አይቀመስም። የሚሞክር ቢኖር እዚህ ሙቀቱ ከደጋው ስለሚበልጥ ቶሎ እንደሚኮመጥጥ ይወቅ፤ አገር ቤት ያለውን ቀን ቆጥራችሁ ብትጠብቁ ያልፍባችኋል። በየቀኑ መቅመስ ነው።

በምን ይጠቀስ? እንጀራማ ለእራት ይቆጠባል። ካሳቫና ስኳር ድንች አሉ። ቻፓቲ ሲደርቅ በሲጊሪው አፋፍ ላይ መልሶ ማሞቅ፣ ኩርሽም እስኪል። የተረፈ ፖሾ ደግሞ አብዛኞቻችን የምንጥለው ነበር፤ ከቀዘቀዘ በኋላ በቢላ ስስ አድርጎ ቆርጦ ፍም ላይ መጥበስ ነው፣ ቂጣ ይመስላል። ይህቺን ኪሱጉ ውስጥ አብረው የሚኖሩ ወንደላጤዎች ናቸው ያስተማሩን፤ ወንድ ጓዳ አይገባም የሚሉ ካሉ እዚህ መጥተው ይዩ። የተረፈ እንጀራ ካለ ድርቆሽ አድርጉት፤ ለማጥቀስ እንደውም ጠንካራ ነው።

ማቀዝቀዣ ስለሌለን አንድ የማንደራደርበት ሕግ አለን። የበሰለ ነገር ከሁለት ሰዓት በላይ በክፍሉ ሙቀት አይቀመጥ ይላሉ የጤና ባለሙያዎች። ትናንት ማታ የተረፈ ቦሎቄ ለዛሬ 10 ሰዓት ይደርሳል ወይ ታዲያ? በሐቀኝነት ካየነው ሕጉ አይፈቅድም። የተሻለው መንገድ ቦሎቄውን ጠዋት መቀቀልና መክሰሱን ከእሱ ማውጣት፣ እራቱንም ከእሱ መሥራት ነው፤ በአንድ ከሰል ሁለት ማዕድ። ከማታ የሚያድር ከሆነ ግን ቶሎ አቀዝቅዞ በስስ ዕቃ መክደን፣ ጠዋት እንደገና ፍልት እስኪል ማፍላት፣ ከሰዓትም እንዲሁ፤ ከሸተተ ወይም ካረፋ መድፋት። ያደረ ሩዝ ለማጥቀሻ አይሁን፤ በሩዝ ውስጥ የሚፈጠረው መርዝ በማሞቅ አይለቅም። ሽንኩርትና ሎሚ የገባበት ማጥቀሻ ደግሞ በተሠራበት ሰዓት ይበላ፣ ሳህኑ ላይ የቀረውን መልሶ ዕቃ ውስጥ ማስገባት አይገባም፤ የስንቱ ልጅ ጣት ገብቶበታል።

ጣት ስንል፣ ሳሙና ከሌለ አመድም ይሆናል፤ ብቻ ከመጥቀስ በፊት መታጠብ።

የሚቀጥለውን ዕትም የምናዘጋጀው እናንተ በምትልኩልን ነው። የወላይታ ልጆች፣ ዳጣችሁን እዚህ በሚገኘው ቃሪያና ዝንጅብል እንዴት እንደምታወጡት ጻፉልን፤ በሶብላ የተካችሁበት ነገር ካለ በተለይ። ከሐረር በኩል ያላችሁም የቁርስ ፉላችሁን። መጠኑን በሲኒ ወይም በቱምፔኮ አድርጉት፤ «እንደ ልክህ» የሚለውን መለኪያ እኛም በቤታችን አለን።